የውህድ ቁጥር በቴሲስ ውስጥ፦ በእጅ፣ በዎርድ ወይስ በላቴክ?

የመቅመቆን ሥር ፈጭቶ፣ በሶልቨንት ዘፍዝፎ፣ በኮለም ክሮማቶግራፊ የለያየ የኬሚስትሪ ተማሪ ሦስት የታወቁ ውህዶችን ሊያገኝ ይችላል፦ ክሪሶፋኖል፣ ፊሲዮን እና ኢሞዲን። ሦስቱም አንትራኩዊኖን ናቸው። አጽማቸው አንድ ነው። የሚለያዩት አንድ ካርቦን ላይ በተቀመጠው ነገር ብቻ ነው። ክሪሶፋኖል እዚያ ላይ ሃይድሮጅን አለው፣ ኢሞዲን ሃይድሮክሲል፣ ፊሲዮን ደግሞ ሜቶክሲ።

ቴሲሱ ሲጻፍ ሦስቱ 1፣ 2 እና 3 ይባላሉ። ከዚያ አድቫይዘሩ ያነብና «ቤታ-ሲቶስቴሮልም አግኝተሃል አይደል? ለምን እሱን አታስቀድምም?» ይላል። በቃ፣ ጣጣው ይጀምራል። አዲሱ ውህድ 1 ሲሆን የድሮው 1 ወደ 2፣ 2 ወደ 3፣ 3 ወደ 4 ይሄዳል። በውይይቱ ውስጥ ይቀየራል። በኤንኤምአር (የስትራክቸር ማረጋገጫ መለኪያ) ሠንጠረዡ ይቀየራል። በስኬሙ (ሪአክሽኑን በቀስት በሚያሳየው ሥዕል)፣ በሙከራው ክፍል፣ በአባሪው ስፔክትራ ሥር ይቀየራል። አንድ ቦታ ከተረሳ የፊሲዮን ዳታ በክሪሶፋኖል ቁጥር ሥር ተቀምጦ ይቀራል። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። ፈታኙ ሜቶክሲ በሌለው ውህድ ላይ የሜቶክሲ ፒክ ካየ የሚጠራጠረው ሥራውን ራሱን ነው።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ ኪሊንጦ በኩል የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች የሚገቡበት ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ስለዚህ በአካባቢያችን ኬሚስትሪ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። የዲፌንስ ሰሞን ኮፒ ቤቶቹ ውስጥ ተማሪዎች ቁጥር በቁጥር እየፈለጉ ሲያርሙ አያለሁ። ያ ሁሉ ድካም መቅረት የሚችል ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ልማዱ

ውህዶች ቁጥር የሚያገኙት በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠሩበት ቅደም ተከተል ነው። ቁጥሩ ቦልድ ይሆናል። አንድ ውህድ አንዴ ቁጥር ካገኘ እስከ መጨረሻው በዚያው ይጠራል። አጽማቸው አንድ ሆኖ ተቀጽላቸው ብቻ የሚለያይ ከሆነ አንድ ቁጥር ተጋርተው በፊደል ይለያሉ፦ 1ኤ፣ 1ቢ፣ 1ሲ። የመቅመቆዎቹ ሦስት ውህዶች ለዚህ የተመቹ ናቸው። አንድ ስትራክቸር ብቻ ሥላችሁ፣ ሥሩ «1ኤ ሃይድሮጅን፣ 1ቢ ሃይድሮክሲል፣ 1ሲ ሜቶክሲ» ብትሉ ያልቃል።

ግን ፊደሉን ያለቦታው አታብዙት። ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ ከቮልፍጋንግ ስቴግሊሽ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙትን ክኒፎሎን የተባለ ውህድ ውሰዱ። ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ከሚባል ተክል የተገኘ ሲሆን ግማሹ ክሪሶፋኖል ነው፣ ሌላው ግማሽ ግን ራሱን የቻለ ቀለበት ነው። እንዲህ ያለውን የክሪሶፋኖል ወንድም አድርጎ 1ዲ ማለት አንባቢን ያሳስታል። የራሱ ቁጥር ይገባዋል።

አሁን ወደ ምርጫው። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የትኛውንም መሣሪያ ብትመርጡ፣ ስትጽፉ ቁጥር አትጻፉ። ስም ጻፉ። ቁጥሩን ከስሙ የሚያወጣው ሌላ ነገር ይሁን። አማራጮቹ የሚለያዩት ያንን ሥራ ማን ይሠራዋል በሚለው ላይ ነው። ከዚያም በላይ የሚለያዩት ሥዕል ውስጥ ያለውን ቁጥር ማን ያድሰዋል በሚለው ላይ ነው።

በእጅ

በእጅ መቁጠር አይናቅም። ውህዶቻችሁ አራት ወይም አምስት ከሆኑና ጽሑፉ አጭር ከሆነ ሌላ ነገር መማር አያስፈልጋችሁም። ነገር ግን በዘዴ አድርጉት። በሚጻፍበት ጊዜ ሁሉ በቁጥሩ ፋንታ ኮድ አስገቡ፦ [ክሪ]፣ [ኢሞ]፣ [ፊሲ]። አድቫይዘሩ «ጨርሰሃል» ካለ በኋላ ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ። በቅጂው ላይ ፈልጎ የሚተካውን ትዕዛዝ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ኮድ በቁጥሩ ተኩት። ዎርድ ላይ በሚተካው ሣጥን ውስጥ ሆናችሁ ኮንትሮልና ቢ ብትጫኑ የሚገባው ቁጥር ቦልድ ሆኖ ይገባል።

ቅንፉ ለጌጥ አይደለም። አንዳንዱ «ውህድ1»፣ «ውህድ2» ብሎ ይጀምርና አሥር ሲደርስ ችግር ይመጣል። «ውህድ1»ን ሲተካ «ውህድ10» ውስጥ ያለውም አብሮ ይነካል። ኮዱ መጀመሪያም መጨረሻም ምልክት ካለው ይህ አይደርስም።

አንድ እርማት ከመጣ በተተካው ቅጂ ላይ አትሥሩ። ወደ ኮዱ ፋይል ተመለሱ፣ እዚያ አርሙ፣ እንደገና ተኩ። ስትራክቸር በምንሥልበት ሶፍትዌር፣ በኬምድሮው ውስጥ የተጻፈውን ኮድ ግን ይህ ዘዴ አይደርስበትም። እሱን ስኬም በስኬም እየከፈታችሁ ነው የምትቀይሩት።

ዎርድ

ብዙ ሰው ዎርድ ይህን እንደሚችል አያውቅም። የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ በተሳሳተው በር ይገባል። ለሥዕልና ለሠንጠረዥ የምንጠቀምበትን ካፕሽን አውጥቶ «ኮምፓውንድ» የሚል አዲስ ሌብል ይፈጥራል። ያ ይሠራል፣ ግን ክሮስ ሪፈረንሱ ቁጥሩን ከነሌብሉ «ኮምፓውንድ 3» እያለ ያመጣባችኋል። ለኬሚስትሪ የሚያስፈልገን ደማቅ 3 ብቻ ነው።

ትክክለኛው በር ፊልድ ነው፣ ማለትም ዎርድ ራሱ አስልቶ የሚሞላው ቦታ። ኮንትሮልና ኤፍ9 ስትጫኑ ሁለት የተጠማዘዙ ቅንፎች ይመጣሉ። በመካከላቸው ኤስ፣ ኢ፣ ኪው የሚሉትን ሦስት ፊደላት ጻፉ፣ ክፍት ቦታ ተዉ፣ ለቆጣሪው ስም ስጡ። ኤፍ9 ስትጫኑ ቁጥር ይሆናል። ቦልድ አድርጉት። ከዚያ ቁጥሩን መርጣችሁ ኢንሰርት ውስጥ ቡክማርክ የሚለውን ክፈቱና የውህዱን ስም ስጡት። የቡክማርክ ስም በቁጥር አይጀምርም፣ ክፍት ቦታም አይቀበልም። «ኢሞዲን» ጥሩ ነው። ከዚህ በኋላ ኢሞዲንን በጠራችሁ ቁጥር እንደገና ኮንትሮልና ኤፍ9፣ አር፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ከዚያ የቡክማርኩ ስም። አዲስ ውህድ ከፊት ስታስገቡ ኮንትሮልና ኤ፣ ከዚያ ኤፍ9፤ ሁሉም ይታደሳል።

ሁሉም ያልኩት ዋናውን ጽሑፍ ነው። የግርጌ ማስታወሻና ቴክስት ቦክስ ውስጥ ያለ ፊልድ በዚህ አይታደስም። እዚያ ገብታችሁ ለብቻው ማደስ አለባችሁ። ስትራክቸር ሥር ቁጥር ለማስቀመጥ ቴክስት ቦክስ የሚጠቀም ሰው ብዙ ስለሆነ ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል።

ከዚህ የሚብስ አንድ ድክመት አለ። ዎርድ የሚቆጥረው ቆጣሪው የተቀመጠበትን ቦታ እንጂ ውህዱ መጀመሪያ የተጠራበትን ቦታ አይደለም። ቆጣሪውን በሙከራው ክፍል ካስቀመጣችሁና ውህዱ መግቢያው ላይ በማጣቀሻ ቢጠራ፣ አንባቢ መጀመሪያ የሚያየው ቁጥር 7 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቆጣሪው ሁልጊዜ መጀመሪያ በተጠራበት ቦታ ይቀመጥ፣ ሌላው ሁሉ፣ ስትራክቸሩ ሥር ያለውም ጭምር፣ ማጣቀሻ ይሁን። አንቀጽ ስታዛውሩ ይህን ደግማችሁ ማየት ግድ ነው። አንቀጹን አጥፍታችሁ ቡክማርኩ አብሮ ከጠፋ ደግሞ ማጣቀሻዎቹ ሁሉ «ኤረር!» ብሎ ወደሚጀምር ደማቅ ጽሑፍ ይለወጣሉ። ያ ቢያስደነግጥም ጠቃሚ ነው። በዝምታ ከተሳሳተ ቁጥር ይሻላል።

1ኤ፣ 1ቢ የሚሉትን በሁለተኛ ቆጣሪ ማድረግ ይቻላል፤ ቆጣሪው በፊደል እንዲቆጥርና ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ከመጀመሪያው እንዲነሳ ታዙታላችሁ። «1ኤ–ሲ» የሚለውን አጭር አጻጻፍ ግን በእጃችሁ ነው የምትገነቡት። አሥር አናሎግ ያለው የሲንተሲስ ሥራ ከሆነ ይህ አድካሚ ነው።

ሊብረኦፊስ ለምትጠቀሙ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። ፊልድ ውስጥ ቫሪያብልስ፣ እዚያ ነምበር ሬንጅ። በነፃ ነው፣ ይሠራል። ነገር ግን ፋይሉ በአድቫይዘሩ ዎርድና በእናንተ ሊብረኦፊስ መካከል የሚመላለስ ከሆነ ፊልዶቹ መንገድ ላይ ሊበላሹ ይችላሉ። ለብቻችሁ የምትጽፉ ካልሆናችሁ አልመክረውም።

ላቴክ

ላቴክ ጽሑፉን ከትዕዛዝ ጋር ጽፋችሁ ኮምፓይል ስታደርጉት ፒዲኤፍ የሚያወጣ ሥርዓት ነው። ውስጡ ይህን ችግር ለመፍታት ብቻ የተሠሩ ፓኬጆች አሉ። ኬምኮኖ የሚባለው የቆየ ነው፤ ውህዶችን እንደ መጽሐፍ ማጣቀሻ ይይዛቸዋል፣ የውህድ ዝርዝርም ጽሑፉ ውስጥ ይፈጥራል። ኬምኮምፓውንድስ ያንን ዝርዝር አስቀርቶ ተራ ተከታታይ ቁጥር ይሰጣል፣ ለፈለጋችሁት ውህድም የራሳችሁን ስያሜ እንድትሰጡ ይፈቅዳል። ቢፒኬም ረጃጅም የአዩፓክ (ደንበኛ የኬሚካል) ስሞችን በመስመር መጨረሻ ላይ በአግባቡ ይሰብራል፣ ከዚያ ጋር የውህድ ቁጥርም አለው።

ዛሬ ለሚጀምር ሰው ግን የምመርጠው የክሌመንስ ኒደርበርገርን ኬምነም ነው። ሲኤምፒዲ የሚል ትዕዛዝ ጽፋችሁ በቅንፍ ውስጥ የውህዱን ስም ትሰጣላችሁ። መጀመሪያ ሲጠራ ቁጥር ያገኛል፣ ከዚያ ወዲያ ያው ቁጥር ይመጣል። ቆጣሪና ማጣቀሻ የሚባል ልዩነት የለም፣ ትዕዛዙ አንድ ነው። አንቀጽ ከኋላ ወደ ፊት ብታመጡ ቁጥሩ ራሱን ያስተካክላል። የዎርድ ትልቁ ድክመት እዚህ የለም።

ቤተሰብም ያውቃል። የቤተሰቡን ስም፣ ነጥብ፣ የአባሉን ስም ስትጽፉ 1ኤ ይሆናል። ሦስቱን አባላት አንድ ላይ ስትጠሩ ደግሞ «1ኤ–ሲ» ብሎ ራሱ ያሳጥረዋል። አንድ ውህድ ሳይታይ በቅድሚያ ቁጥር እንዲይዝ ከፈለጋችሁም ለእሱ የተለየ ትዕዛዝ አለው። ፋይሉን ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ኮምፓይል ማድረግ አትርሱ፣ ቁጥሮቹ የሚረጋጉት ያኔ ነው።

ዋጋው ምንድነው? አንደኛ፣ መማር ይጠይቃል። ዲፌንስ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ላቴክ አይጀመርም። ሁለተኛ፣ አድቫይዘር። በዎርድ ትራክ ቼንጅስ የሚያርም አድቫይዘር ካላችሁ ፒዲኤፍ ላይ አስተያየት ለመጻፍ ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔትና መብራት። ኦቨርሊፍ በሚባለው የላቴክ ድረ ገጽ ላይ ከጻፋችሁ ምንም መጫን የለባችሁም፣ ነገር ግን መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረውም ራውተሩ ይጠፋል። እኛ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ላፕቶፓችሁ ላይ ልትጭኑ ከፈለጋችሁ ሙሉው ቴክላይቭ (የላቴክ ጥቅል) ከ4 ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ዳታ አታውርዱት። ግቢ ውስጥ ባለ ዋይፋይ አውርዱት፣ ወይም ከጓደኛ በፍላሽ ውሰዱት። አንዴ ከገባ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ሥዕሉ ይወስናል

እስካሁን ያልኩት የጽሑፍ ውስጥ ቁጥር ነው። እሱ በሁሉም መንገድ ይሳካል። ሰው የሚሰናከለው ስትራክቸሩ ሥር ባለው ቁጥር ላይ ነው፣ ስለዚህ ምርጫችሁን ከዚህ ጀምሩ ባይ ነኝ።

ከኬምድሮው ወደ ዎርድ የመጣ ስትራክቸር ለዎርድ ሥዕል ነው። ውስጡ ያለውን «3» ዎርድ አያነበውም። ፊልዶቻችሁ ሁሉ ቢታደሱ እሱ እዚያው 3 እንዳለ ይቀራል። ጽሑፉ 4 ይላል፣ ሥዕሉ 3። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ለየብቻ ሲታዩ ትክክል ይመስላሉ።

የዎርድ መፍትሔው ቁጥሩን ከሥዕሉ ማውጣት ነው። መስመር የሌለው ሠንጠረዥ ሥሩ፣ ላይኛው ረድፍ ላይ ስትራክቸሩን፣ ታችኛው ረድፍ ላይ የቁጥሩን ማጣቀሻ አስቀምጡ። ሠንጠረዥ የዋናው ጽሑፍ አካል ስለሆነ ኮንትሮልና ኤ፣ ኤፍ9 ይደርስበታል። ከተክል የወጡ ውህዶችን ለሚያሳይ ገጽ፣ ማለትም ስትራክቸሮች ተደርድረው ቁጥር ከሥራቸው ለሚቀመጥበት፣ ይህ በጣም ያምራል።

ቀስቶች ያሉት የሲንተሲስ ስኬም ላይ ግን ሠንጠረዥ ያስቸግራል። ቀስቱ በየሴሉ ይቆራረጣል፣ ሪኤጀንቱ ቦታ ያጣል። እዚያ ላይ ቁጥሩን ኬምድሮው ውስጥ በእጅ መጻፍ ነው ያለው። የትኛው ስኬም ውስጥ የትኛው ውህድ እንዳለ የሚናገር ወረቀት ጠረጴዛችሁ ላይ ይኑር፣ ቁጥር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስኬሞቹን በዚያ ወረቀት አረጋግጡ።

ላቴክ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ስትራክቸሩን እዚያው ፋይል ውስጥ በኬምፊግ መሣል ነው። ኬምፊግ የክርስቲያን ቴለቼያ ፓኬጅ ነው፤ ቦንዱን፣ አንግሉን፣ ቀለበቱን በጽሑፍ ትነግሩታላችሁ፣ ከሞለኪዩሉ ሥር ስም የሚያስቀምጥ ትዕዛዝም አለው። እዚያ የኬምነምን ትዕዛዝ ታስገባላችሁ፣ አለቀ። አንትራኩዊኖንን የመሰለ ሦስት ቀለበት ያለው ነገር በዚህ መሣል ይቻላል። ትልቅ ሳፖኒን ግን፣ የእንዶድን ዓይነት ስኳር የተንጠለጠለበት፣ በኬምፊግ መሣል ትዕግሥት ይፈታተናል።

ሁለተኛው መንገድ ኬምድሮውን ሳይተዉ ነው። ስትሥሉ በቁጥሩ ፋንታ ቲኤምፒ1፣ ቲኤምፒ2 እያላችሁ ጻፉ፣ ሥዕሉን ኢፒኤስ በሚባል የፋይል ዓይነት አውጡ። ኬምነም ፒኤስፍራግ በሚባል ፓኬጅ አማካይነት እነዚህን ምልክቶች በእውነተኛው ቁጥር ይተካቸዋል። የጆሴፍ ራይት ኬምስኪምም ይህንኑ ይሠራል፣ ስኬሞቹንም ራሱ ይቆጥራል። ቀስት ያለው ስኬምም ቢሆን ቁጥሩ ይታደሳል። ከሁሉም አማራጮች ይህን የሚያደርግ ሌላ አላየሁም። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ምልክቱ ኢፒኤሱ ውስጥ በፊደልነቱ መቆየት አለበት፣ ወደ መስመር ሥዕል ከተለወጠ አይገኝም። ደግሞም ፒኤስፍራግ ፒዲኤፍ በቀጥታ ከሚያወጣው ከፒዲኤፍላቴክ ጋር አይሠራም፤ በድሮው የዲቪአይና የፖስትስክሪፕት መንገድ ትሄዳላችሁ፣ ወይም አውቶ-ፒኤስቲ-ፒዲኤፍ የሚባለውን ፓኬጅ ትጨምራላችሁ።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ከአንድ ተክል ጥቂት ውህዶች አውጥቶ ማስተርስ ለሚጽፍ ሰው ዎርድ በፊልድና በሠንጠረዥ ይበቃዋል። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱት፣ መጀመሪያ ቀን ጀምሩት። ግማሹ ከተጻፈ በኋላ ቁጥሮችን ወደ ፊልድ መለወጥ ከባድ ነው።

ፒኤችዲ የምትጀምሩ፣ በተለይ ሲንተሲስ የምትሠሩ፣ ስኬሞቻችሁ ብዙ የሚሆኑ ከሆነ ላቴክ ተማሩ። አሁን፣ ገና ፕሮፖዛል ላይ እያላችሁ። ኬምነም ከኢፒኤስ ምልክቶች ጋር። የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ መጽሔቶች ላቴክ ይቀበላሉ፣ ለእነሱ የተዘጋጀ አኬምሶ የሚባል ፓኬጅም አለ። ሳፖርቲንግ ኢንፎርሜሽኑን (ከጽሑፉ ጋር የሚላከውን ተጨማሪ ሰነድ) ከዋናው ጽሑፍ ጋር በአንድ ፋይል ጻፉትና መጨረሻ ላይ ፒዲኤፉን ክፈሉት። ቁጥሮቹ በሁለቱ ሰነዶች አንድ ሆነው የሚቆዩበት ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው።

አድቫይዘራችሁ ከዎርድ ውጭ አላነብም ካሉ አትከራከሩ። ዎርድ ይሁን።

ኪሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ ለምትሠሩና የጥራት ቁጥጥር ሪፖርት ለምትጽፉ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። እናንተ ጋ ስያሜው የእናንተ አይደለም፣ ከፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጽሐፍ) የመጣ ነው። በአውሮፓ ፋርማኮፒያ የፓራሲታሞል 4-አሚኖፌኖል (መድኃኒቱ ውስጥ የሚገኝ ባዕድ ውህድ) ኢምፒዩሪቲ ኬ ይባላል። ሪፖርታችሁ ውስጥ መጀመሪያ ስለተጠራ ኢምፒዩሪቲ ኤ አይሆንም። በራሱ የሚቆጥር መሣሪያ እዚህ ላይ ጉዳት ነው። ስያሜውን እንዳለ በእጅ ጻፉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ወደ ኮፒ ቤት ዶክመንቱን ይዛችሁ አትሂዱ። ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ፎንት ይቀየራል፣ ፕሪንት ሲታዘዝም ፊልዶች እንደገና ሊታደሱ ይችላሉ። ፒዲኤፍ ብቻ ፍላሽ ላይ ጫኑ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ፒዲኤፉን ከፍታችሁ ፈልጉበት፦ ከዎርድ ከሆነ «ኤረር!» የሚለውን በእንግሊዝኛው፣ ከላቴክ ከሆነ ሁለት ተከታታይ የጥያቄ ምልክት፣ በኮድ ከሠራችሁ የቀረ ቅንፍ፣ ከኢፒኤስ ከሆነ ያልተተካ ቲኤምፒ። ከዚያ አንድ ውህድ ምረጡና ከመግቢያው እስከ አባሪው ስፔክትራ ድረስ ቁጥሩን ተከታተሉት። ፊሲዮንን ብትመርጡ ጥሩ ነው፤ የሜቶክሲው ፒክ በየገጹ አብሮት መኖሩን በዓይናችሁ ታያላችሁ።